ያቺ ሬዚስተር ለምን ነበረች?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)

 

ትናንት ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ መኪናው ሶዶ ሊገባ ሲል ዳሞታ ተራራን ጭጋጉን ተከናንቦ ሳየው ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከተማችን ዛሬ የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ሕንፃው በዝቷል፣ ባጃጁም በዝቷል። ተራራው ግን እዚያው ቦታው ላይ ነው። እኛም ፀጉራችን ሳስቶ፣ ሆዳችን ቀድሞን፣ ይኸው መጣን።

አዘጋጆቹ ደውለው «ከተመረቅክ በኋላ ስለሠራኸው አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ክሊኒክ ነግረውናል። እኔ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ሌላ ሰው የሠራውን ዕቃ እሰካለሁ፣ እነቅላለሁ፣ አጥፍቼ አበራለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ «ይህን እኔ ሠራሁት» ማለት የምችለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የድሮ ቲቪ ጌም ጆይስቲክ ያለ ገመድ እንዲሠራ የሚያደርግ አዳፕተር ነው።

እሺ፣ ሳቁ። እኔም ስቄበታለሁ። ግን ታሪኩ ሲያልቅ አንድ የቆየ ዕዳ እከፍላለሁ። አበዳሪዬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል ብዬ እገምታለሁ።

ያደግኩት እዚሁ ሶዶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አጎቴ ከመናኸሪያው አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ቲቪ ጌም ያጫውቱ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። አንደኛው ማሽን የኮምፒውተር ኪቦርድ ቅርጽ ነበረው፤ የፊደል ቁልፎች ተደርድረውበት፣ ካሴቱ ከላይ ይሰካል። ጋሼ «ኮምፒውተሩ» ይሉት ነበር። እኛም ኮምፒውተር ብለን የምናውቀው እሱን ነበር። አብሮት የመጣው አንድ ካሴት ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስጽፍ ነበር፤ ግን ለዚያ ማን 50 ሳንቲም ይከፍላል? ልጁ ሁሉ የሚከፍለው ለማሪዮ፣ ለኮንትራና ለታንክ ነበር።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ እነዚያ ማሽኖች ኒንቴንዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም የተባለው ማሽን ቅጂዎች ነበሩ። ዋናውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እኔን ያሳደገኝ ቅጂው ነው።

ቲቪ ጌም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካሴቱ አይደለም፤ ማሽኑም አይደለም። የጆይስቲኩ ገመድ ነው። ማሪዮ ጉድጓድ ሲዘል ልጁም አብሮ ይዘላል፤ ጆይስቲኩን ወደ ላይ ይስበዋል፤ እንዲያ ሲል የሚረዳው ይመስለዋል። ገመዱም ከጆይስቲኩ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ውስጡ አምስት ቀጫጭን ሽቦ ነው። እነሱን መቀጠል የእኔ ሥራ ነበር። ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ሽቦውን በጥርስ ላጥ፣ ቀለምን ከቀለም ጋር ጥምዝዝ፣ በጥቁር ናስትሮ ጥቅልል። «ቀለም እንዳታምታታ፤ ካምታታህ ማሽኑ የምትለውን አይሰማህም» ይሉኝ ነበር። ጥገና ያቃተው ጆይስቲክ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ጋሼ ምንም ነገር አይጥሉም። ያቺን ከረጢት እንዳትረሷት፤ ትመጣለች።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ኤሌክትሪካል መረጥኩ፤ በ2006 ዓ.ም. ተመረቅኩ። አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በሞባይል አጭር መልእክት የሚታዘዝ የመስኖ ፓምፕ ነበር። አራት ሆነን ነው «የሠራነው»። ይቺን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አስገቡልኝ። ጊዜ አጥሮን ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንም፣ ጊዜ ያላጠረው ተማሪ የለም። ገንዘብ አዋጣንና ቦርዱን ከነፕሮግራሙ ተሠርቶ ያለቀ ገዛን። ጽሑፉን እኛ ጻፍን፤ ጥራዙን እኛ አስጠረዝን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ጓደኞቼን አላነሳም። መምህሮቻችንም አላወቁም፤ እንዳያውቁ የተቻለንን ሁሉ አድርገናል።

የዲፌንሱ ቀን መልእክት ላክን፣ ፓምፑ ተነሣ፣ ውኃ ከባልዲ ወደ ባልዲ ሄደ፣ ተጨበጨበ። ከፈታኞቹ አንዱ ግን ተጠግተው ቦርዱን ጎንበስ ብለው አዩት። በእስክርቢቷቸው ጫፍ አንዲት ሬዚስተር ነካ አደረጉና «ይቺ ለምን ገባች?» አሉኝ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ለፕሮቴክሽን ነው» አልኳቸው። የኤሌክትሪካል ልጆች ታውቁታላችሁ፤ የማናውቀው ዕቃ ሁሉ ለፕሮቴክሽን ነው።

«ከምን ነው የምትጠብቀው?» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ትንሽ ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እስክርቢቶውን ኪሳቸው ከተቱና ተቀመጡ። ጥሩ ውጤት አገኘን። ጋውን ለበስን፤ ፎቶ ተነሣን። ያ አስተያየታቸው ግን እኔን ተከትሎኝ አዲስ አበባ ገባ።

በ2015 ዓ.ም. ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸውም ተጎተተ። በዓመቱ ለጊፋታ ወደ ሶዶ ስመጣ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ቤቱ በበዓል እንግዳ ሞልቷል፤ ሙቹዋ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል። እሳቸው የቴሌቪዥኑን ዜና ያያሉ። የከተማውን ልጅ ሁሉ ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው፣ በቤታቸው በዓል ተመልካች ሆነዋል።

ታዲያ የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸው ከአልጋው ሥር አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። የማዳበሪያ ከረጢቷ ነበረች። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ኮምፒውተሩ! ከእነ ካሴቱ፣ ከእነ ደርዘን የሞቱ ጆይስቲኮቹ። አቧራውን አራግፈን ሰካነው። ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሠራ። አንድ ጆይስቲክም በሕይወት ተገኘ። የማሪዮ ዜማ ሲጀምር ጋሼ በግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። ስጡኝ ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ችግር ገጠመን። አንደኛው ገመዱ ነው። ከቴሌቪዥኑ ቡፌ እስከ አልጋው አራት ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ገመዱ ግን ሁለት ሜትር አይሞላም። አልጋው አይነሣም፤ ቡፌውም አይነሣም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ጆይስቲክ ሁለት አውራ ጣት ይፈልጋል፤ ግራው ያራምዳል፣ ቀኙ ያዘልላል። ጋሼ ያላቸው ግራው ብቻ ነው። ጆይስቲኩን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሞከሩ፤ ማሪዮ ሄደ፣ የመጀመሪያዋ ቡናማ ፍጥረት መጣች፣ መዝለል አልቻለም። ጆይስቲኩን አስቀመጡትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «አጎቴ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ከዲፌንሱ ጥያቄ በላይ ነው የከበደኝ።

ገመድ የሌለው ጆይስቲክ አዲስ ነገር አይደለም። አታሪ በ1983 እ.ኤ.አ. በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የሬዲዮ ጆይስቲክ አውጥቶ ነበር። ኒንቴንዶም በ1989 እ.ኤ.አ. እንደ ሪሞት በኢንፍራሬድ የሚሠራ አዳፕተር ሸጧል። ሁለት ጆይስቲክን አንድ አድርጎ ሁለት ሰው አንድ ተጫዋች እንዲሆን የማድረግ ሐሳብም አለ፤ ማይክሮሶፍት በ2017 እ.ኤ.አ. ለኤክስቦክስ «ኮፓይለት» ብሎ አወጣው፤ በዓመቱም ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ልዩ መቆጣጠሪያ አከለበት። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንዳቸውም ጋሼ ኮምፒውተር ላይ አይሰኩም። መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ጆይስቲኩ ከማሽኑ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ አስፈለገኝ። ኤሌክትሪካል ላልሆናችሁ በምሳሌ ላስረዳ። መምህር ክፍል ገብቶ ስም ሲጠራ አስቡ። ማሽኑ በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስም ይጠራል። መጀመሪያ በአንዱ ሽቦ «ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ!» ይላል። ከዚያ በሌላው ሽቦ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ስምንቱን መጫኛዎች በተራ ይጠራል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሴሌክት፣ ስታርት፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። በሦስተኛው ሽቦ እያንዳንዱ «ተጫንኩ» ወይም «አልተጫንኩም» ብሎ ይመልሳል። የቀሩት ሁለቱ ሽቦዎች ኃይል የሚያመጡ ናቸው። በልጅነቴ በጥርሴ የላጥኳቸው አምስት ሽቦዎች እነዚህ ነበሩ። ጋሼ «ቀለም አታምታታ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። «ቀጥል» የሚለውን ከመልሱ ጋር ካምታታህ፣ መምህሩ እየመለሰ ተማሪው ይጠራል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ዕቃ ገዛሁ። ሦስት ትንንሽ የአርዱይኖ ቦርድና ኤን-አር-ኤፍ 24 የሚባሉ፣ የጥፍር ስፋት የሚያህሉ የሬዲዮ ቦርዶች። እንደ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ነው የሚሠሩት። ባትሪውን አልገዛሁም፤ ከድሮ ኖኪያ ስልኮች አወጣሁ። ያቺ ቢኤል-5ሲ የምትባለው፣ እያንዳንዳችሁ መሳቢያ ውስጥ አንድ አላችሁ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ገመዱ ተቆርጦ ጆይስቲኩ ውስጥ አንድ ቦርድ ይገባል፤ መጫኛዎቹን እያየ በሬዲዮ ይናገራል። ሌላው ቦርድ ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ የሰማውን ይዞ ጆይስቲክ መስሎ ይመልሳል። በሁለት ቅዳሜ ይጠናቀቃል ብዬ ነበር። ሦስት ወር ፈጀ።

የመጀመሪያውን ሬዲዮ በደቂቃ ውስጥ ገደልኩት። 3.3 ቮልት የሚፈልገውን 5 ቮልት ሰጠሁት። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ዝም ብሎ አረፈ። ሁለተኛው ለጥቂት ሴኮንድ ሠርቶ ይቆማል፣ ይሠራል፣ ይቆማል። መናገር በጀመረ ቁጥር የኃይል መስመሩን ስለሚያወርደው ነበር። ሥሩ ላይ አንዲት የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስበይድለት ተረጋጋ። ሁለቱም በመጽሐፍ የተጻፉ ነገሮች ናቸው፤ ያነበብኳቸው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ከዚያ ማሪዮ እብድ ሆነ። ወደ ግራ ስጫን ወደ ቀኝ ይሮጣል። ወደ ቀኝ ስጫን ምንም የለም። ለሁለት ሳምንት ሽቦዬን ነው የጠረጠርኩት፤ ቀለም አምታትቼ እንደሁ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ሽቦው ደህና ነበር። ጥፋቱ ፍጥነት ላይ ነው። ማሽኑ ከስም ወደ ስም የሚሸጋገረው በአሥር ምናምን ማይክሮ ሴኮንድ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ በዚያው ሰዓት ሬዲዮውንም ያዳምጣል። አንዲት «ቀጥል» ስታመልጠው የቀረው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ የግራ መልስ በቀኝ ተራ ይሰማል፣ የቀኙ መልስ ከስም ጥሪው ውጭ ይቀራል። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲያንቀላፋ ቀጥሎ ያለው በእሱ ስም «አቤት» እንደሚለው ማለት ነው።

ፕሮግራሙን ለማፍጠን ያልሞከርኩት ነገር የለም። መፍትሔው የመጣው ግን ከከረጢቷ ነው። ለገና ሶዶ በመጣሁ ጊዜ የሞቱትን ጆይስቲኮች አንድ በአንድ በካቻቢቴ ፈታሁ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ጥቁር የፕላስቲክ ጠብታ ብቻ ነው፤ ምን እንዳለ አይታይም። አንዱ፣ ከሁሉም የቆየው፣ ባለ 16 እግር ቺፕ ነበረው፤ 4021 ይላል። ሺፍት ሬጂስተር! በዲጂታል ሎጂክ ኮርስ ሥዕሉን ስለን ፈተና የተፈተንንበት፣ ስምንት ነገር ባንድ ጊዜ ተቀብሎ በተራ የሚያወጣው። ማሽኑ ስም ሲጠራለት የኖረው ተማሪ እሱ ነበር። ለምን የእሱን ሥራ እኔ በፕሮግራም አስመስላለሁ? በጥንቃቄ ነቅዬ አወጣሁት። ስምንቱን የአርዱይኖ እግሮች ስምንቱ መግቢያዎቹ ላይ በየድኩ። አርዱይኖው በራሱ ጊዜ ይንገረው፤ ለማሽኑ የሚመልሰው ቺፑ ይሁን። ያን ምሽት ግራ ግራ ሆነ፤ ቀኝም ቀኝ። በቺፑ ግርጌ፣ ወደ ገመዱ በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ የደረቀ ናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር። የማን ጥገና እንደሆነ አላጣሁትም።

ሌላም ነበር። ባትሪ ሲደክም ማሪዮ ያለ ማንም ትእዛዝ እየሮጠ ገደል ይገባል። ለካ ተቀባዩ የመጨረሻ የሰማው «ቀኝ» የሚል ስለሆነ፣ ሌላ እስኪነገረው ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ላኪው ምንም ባይጫንም በሴኮንድ 100 ጊዜ «አለሁ» እንዲል አደረግኩ፤ ተቀባዩ ለአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ምንም ካልሰማ ሁሉንም መጫኛ ይለቃል። ዝምታን ትእዛዝ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። ይህን በትዳርም አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወደ ጋሼ እጅ መጣሁ። ትንሿን የመዝለያ መጫኛ ግራ እጃቸው አያገኛትም፤ እሷን ፍለጋ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ማንሣት ይኖርባቸዋል። አንድ የበር ደወል መጫኛ ገዛሁና ጣውላ ላይ ቸነከርኩት። መዳፋቸውን ጣል ካደረጉበት ይበቃል። ቦርዱ፣ ሬዲዮውና ባትሪው በአንዲት ሣጥን ሆነው አልጋው ራስጌ ተንጠለጠሉ፤ ከሣጥኑ እስከ ደወሉ አንድ ሜትር ሽቦ ዘረጋሁ። ልጅቷ ጆይስቲኩን ይዛ ታራምዳለች፤ ጋሼ ያዘልላሉ። ተቀባዩ ሁለቱን ይሰማል፤ አንድ አድርጎ ለማሽኑ ይናገራል። ሎጂኩ «ወይም» ነው፤ ወይ እሷ፣ ወይ እሳቸው ከተጫኑ ተጭኗል። አንድ ሕግ ብቻ ጨመርኩ፤ ግራና ቀኝ አብረው ከመጡ ሁለቱም ይሰረዛሉ። የጆይስቲኩ መስቀል በተፈጥሮው ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያስጫንም፤ ጌሞቹም ያንን አያውቁትም፤ ቢደርስባቸው ግራ ይጋባሉ።

ሰካሁት። ጋሼ እጃቸውን ሳያሳርፉ ማሪዮ ዘለለ። ደግሞ ዘለለ። ልጅቷ ሽቦው አጠገብ ስታልፍ ይዘላል፤ ፍሪጁ ሲነሣ ይዘላል። እንግዳው ሁሉ «ሰይጣን አለበት» እያለ ይስቃል። እኔ አላሳቀኝም።

ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሜትሬን አውጥቼ ያን መስመር ለካሁ። ቁጥሩ አይቆምም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። የጆይስቲኩ ስምንት መጫኛዎች ለምን እንዲህ አላደረጉም? ፕሮግራሜን ከፍቼ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ለስምንቱ ከሌላ ሰው ምሳሌ የቀዳኋት አንዲት ቃል አለች፤ ቺፑ ውስጥ ያለውን ፑል-አፕ ሬዚስተር የምታበራ። ምን እንደምትሠራ ሳልጠይቅ ነው የቀዳኋት። ደወሉን ግን ራሴ ነኝ የጨመርኩት፤ ስለዚህ እሷ የለችበትም።

አሁን አስቡት። ደወሉ ሲጫን መስመሩ ከዜሮ ጋር ይገናኛል፤ ይህ ግልጽ ነው። ሲለቀቅስ? ሲለቀቅ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ዜሮ አይደለም፣ አንድም አይደለም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ሜትር ሽቦ ደግሞ አንቴና ነው፤ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይሰማል። አንዲት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከመስመሩ ወደ 3.3 ቮልቱ በየድኩ። ሜትሩ ላይ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍሪጁ ተነሣ፤ ማሪዮ ዝም። እጄን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ፤ ማሪዮ ዝም።

የመበየጃውን ሶኬት ነቅዬ ተቀመጥኩና ያን ቦርድ አየሁት። ከደወሉ የሚመጣ ሽቦ፣ ወደ ቺፑ የሚገባ እግር፣ በመሀል ወደ ላይ የወጣች አንዲት ሬዚስተር። አቀማመጧን አውቃታለሁ። በ2006 ዓ.ም. የእስክርቢቶ ጫፍ ያረፈባት ሬዚስተር ያችው ነበረች፤ የፓምፑን የእጅ ማስነሻ መጫኛ መስመር ላይ።

መምህሬ፣ እዚህ ካሉ፣ መልሴ ይኸው። ለፕሮቴክሽን አይደለችም። ማንም በማይጫንበት ጊዜ መስመሩ የት እንዳለ እንዲታወቅ ነው የገባችው። እሷ ባትኖር ያ ፓምፕ ገበሬው ተኝቶ ሳለ በራሱ ሊነሣ ይችል ነበር። አሥር ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

(ጭብጨባ)

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼና የልጅ ልጃቸው ተጫወቱ። አዳፕተሩ የሚጨምረው መዘግየት አንድ የቴሌቪዥን ሥዕል ከሚቆይበት፣ ከ20 ሚሊ ሴኮንድ፣ አይበልጥም። ለዓይን አይታወቅም። እንዲያም ሆኖ ጋሼ ዘግይተው ነው የሚዘሉት። እሷ «አሁን! አባባ አሁን!» ትላለች፤ እሳቸው ይጫናሉ፤ ማሪዮ ገደል ይገባል። ጥፋቱን ወደ እኔ ማሽን ሊያላክኩ ሲሉ አየኋቸው፤ ከዚያ ሳቁ። በግማሽ ፊታቸው ነው የሚስቁት፤ ግን ሳቅ ነው። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቤተ መንግሥት አለፉ። ዘንዶው ሲወድቅ የጎረቤት ልጆች ሁሉ መስኮቱ ላይ ተሰብስበው ነበር። ቤቱ ለጥቂት ደቂቃ ያ የመናኸሪያው ክፍል ሆነ።

አዳፕተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሲበላሽ ደውለው ይነግሩኛል፤ በስልክ «ባትሪውን አውጪና መልሺው» እላታለሁ። ከዚያ ያለፈውን እሷ ራሷ ፈትታ ታያለች። ባለፈው ወር አንድ ሽቦ በጥርሷ ልጣ ቀጥላለች። ናስትሮውን ያቀበሏት ጋሼ ናቸው።

ንግግሬን በምክር አልዘጋም፤ ለመምከር አልበቃም። አንድ ልመና ግን አለኝ፤ ለመምህሮቻችን ነው። ዛሬ ተዘጋጅቶ የሚገዛ ቦርድም፣ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ፕሮግራምም እኛ ከነበርንበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በዝቷል። መቅዳትን ማስቆም አይቻልም፤ እኔም የቀዳሁት ነገር ባይኖር አዳፕተሩን አልጨርስም ነበር። ስለዚህ በዲፌንስ ቀን «ሠራ ወይስ አልሠራም» ብቻ አትበሉ። ከቦርዱ ላይ አንዲት ዕቃ በእስክርቢቶ ንኩና «ይቺን ብነቅላት ምን ይሆናል?» በሉ። ተማሪው ካላወቀ ፒንሳ ስጡት፤ ይንቀላትና አብራችሁ እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ ያ ፒንሳ ቢሰጠኝ ኖሮ አፍር ነበር፤ ግን በዚያው ቀን አውቀው ነበር።

ለተማሪዎችም አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የአዳፕተሩን ሥዕልና ሙሉ ፕሮግራሙን፣ ያቃጠልኩትን ሬዲዮ ጭምር፣ ለትምህርት ክፍላችን አስረክባለሁ። ሥዕሉ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ለምን እንደገባ ጽፌአለሁ። ከአንዷ ሬዚስተር አጠገብ ብቻ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። እሷን እነሱ ይሙሏት።